ኢንሹራንስ በሌለው ፒክአፕ ውስጥ የሰማሁት

በልደታ ክፍለ ከተማ ለትራፊክ አደጋ ምርመራ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ወይንሀረግ ሽብሩ ደገፋ
ዕድሜ፦ 63 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የፍርድ ቤት ታይፒስት
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ኩማ ኢተፋ
ጉዳዩ፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰንጋ ተራ አካባቢ የደረሰ የአካል ጉዳት እና ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ማሽከርከር

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ ወይንሀረግ ሽብሩ በዚህ ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ ቀርቤያለሁ። ከአሽከርካሪው ከሁመድ ዳውድም ሆነ ከመኪናው ባለቤት ከአቶ ፈቃደ ወልደየስ ጋር ከአደጋው ቀን በፊት አንተዋወቅም። ዝምድናም ሆነ ጸብ የለንም። ፍርድ ቤት ውስጥ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቃል በታይፕ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትንና ሰው የነገረኝን ለያይቼ መናገር ስለምችል ዛሬም የምናገረው እንደዚያው ለያይቼ ነው።

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ከሰዓት በኋላ የማንበቢያ መነጽር አሠርቼ ስለነበር ልቀበል ሜክሲኮ ሄጄ ነበር። ተቀብዬ በእግሬ ስመለስ ሰንጋ ተራ አካባቢ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ የቆርቆሮ አጥሩን አስፍቶ የእግረኛ መንገዱን ዘግቶት አገኘሁ። ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ነው የሚያልፈው። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ይሆናል። እኔም ወረድኩ፤ ከዚያ አጥሩን ታክኬ ከመሄድ ተሻግሬ በዚያኛው ወገን ብሄድ ይሻላል ብዬ መንገዱን መሻገር ጀመርኩ። ዜብራ ላይ አልነበርኩም። ዜብራው ከእኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ነበር። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው እውነት ስለሆነ ነው። ለካሳ ጥያቄዬ እንደማይጠቅመኝም አውቃለሁ።

አንድ ሚኒባስ ጥጉን ይዞ ሰው ሲያወርድ ነበር። በሚኒባሱ ፊት ለፊት ወጣሁ። ወዲያው ከጎኑ ነጭ ፒክአፕ ብቅ አለ። ጎማው ሲጮህ ሰማሁ። ቀኝ እግሬን ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ መታኝና በጎኔ ወደቅሁ። ራሴን አልሳትኩም፤ የእጅ ቦርሳዬን እንኳ አልለቀቅሁም። ስለ መኪናው ፍጥነት ተጠይቄ ብዙ ፍጥነት እንዳልነበረው መልሻለሁ፤ ብዙ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ቃል አልሰጥም ነበር። ነገር ግን አሽከርካሪው ጡሩምባ አላሰማም። ሰው የሚያወርድ ሚኒባስ አጠገብ ሲያልፍ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ማለት ነበረበት። ይህም ይጻፍልኝ ብዬ አስጽፌያለሁ።

አሽከርካሪው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ልጅ ነው። ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። «እናቴ፣ አይንቀሳቀሱ፣ እኔ ነኝ የማነሳዎት» አለኝ። ሰው ተሰበሰበ። ትራፊክ ይምጣ የሚል አለ፤ አምቡላንስ ይጠራ የሚል አለ። እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተጣሞ ነበር፤ ጣቶቼም ቀዝቅዘው ስነካቸው አይሰሙኝም። ይህን ለልጁ ነገርኩት። አንድ ሰው ወደ አምቡላንስ ደውሎ መንገዱ ስለተጨናነቀ እንደሚዘገይ እንደተነገረው ጮክ ብሎ ለሁላችንም አሳወቀ። በዚህ ጊዜ ሁመድ የመኪናውን አቋቋምና እኔ የወደቅሁበትን ቦታ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ለተሰበሰበው ሰው ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ሰጠ። ከሁለት ሰዎች ጋር አንስተው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጃኬቱን አጣጥፎ ከእግሬ ሥር አደረገልኝ። ሲያነሱኝ ከኋላ መጫኛው ላይ በካርቶን የተሸፈነ የአሉሚኒየም በር በገመድ ታስሮ አይቻለሁ።

በፊት መስታወቱ ላይ የኢንሹራንስ ስቲከር መኖር አለመኖሩን ተጠይቄ፣ በቀኝ በኩል ያረጀ ስቲከር እንደነበረ፣ መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበረ ግን የተጻፈበትን ቀን እንዳላነበብኩ ተናግሬያለሁ።

ወደ ሆስፒታል ጉዞ ከጀመርን በኋላ ሜክሲኮ አደባባይ ጋ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። የልጁ ስልክ ጠራ። ስልኩ ከመሪው አጠገብ በማስቀመጫ ላይ የተሰካ ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው ሰዓት 9፡31 ይላል፤ ትልልቅ ቁጥር ስለሆነ ያለ መነጽር ይነበባል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተውና «አቤት ጋሽ ፈቃደ» አለ። ከዚህ በኋላ የተነጋገሩትን በሙሉ ሰምቻለሁ።

በስልኩ ያለው ሰው መጀመሪያ «በሩን አደረስከው? አቶ በከር ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጌጃ ሰፈር እየጠበቀህ ነው» አለው። ሁመድ ሰው እንደገጨ፣ ሴትዮዋ እግራቸው እንደተሰበረ፣ ወደ ሆስፒታል እየወሰዳቸው እንደሆነ ነገረው። ሰውየው «እዚያው አውርዳቸውና መኪናውን ይዘህ ተመለስ» አለ።

«ለምን?»

«ኢንሹራንስ የለውማ።»

«የለውም ማለት ምን ማለት ነው? ታድሷል፣ ስቲከሩ ካዝና ውስጥ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ከነሐሴ ወዲህ የለውም። አሁን የክርክር ሰዓት አይደለም። ታክሲ አስይዛቸውና ዞር በል።»

ሁመድ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ዘጋው።

መርማሪው «ሕመም ላይ ስለነበሩ የተባለውን በትክክል ሰምተዋል ብለን እንዴት እናምናለን?» ብሎ ጠይቆኝ ስመልስ፦ የተሰበረው እግሬ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ሰው የተናገረውን ሳላሳጥርና ሳላሳምር መያዝ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ሥራ ነው። ሆስፒታል ኤክስሬይ ተራ ስጠብቅ ይህንን ንግግር ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ ከነሰዓቱ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን ዛሬ አምጥቻለሁ፤ ከዚህ ቃል ጋር ይያያዝልኝ። መርማሪውም ተመልክቶ አያይዞታል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጁ መሪውን እንደያዘ ቀረ። መንገዱ ተከፍቶ ከኋላ ጡሩምባ ያሰሙበታል፤ እሱ ግን አልነቃነቀም። «እናቴ፣ ሰሙ አይደል? እኔም አሁን ነው የሰማሁት። ከዚህ በኋላ ብነዳው እያወቅሁ ነው የምነዳው። ላቁምና ሌላ መኪና ልፈልግ?» አለኝ። ዙሪያውን አየሁ። ላዳም ሆነ ሚኒባስ ሊቆም በሚችልበት ቦታ ላይ አልነበርንም፤ አራት መደዳ መኪና መካከል ነን። እግሬን ስነካው እስከ ጉልበቴ ድረስ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። «ንዳ ልጄ» አልኩት። «ሕግ ሰውን ከመኪና አያስወርድም። ሲጠየቅ እኔ እመልሳለሁ።»

ስለዚህ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያለውን መንገድ ኢንሹራንስ እንደሌለው እያወቀ መንዳቱ እውነት ነው። እንዲነዳ ያልኩት እኔ ነኝ። የመረመረኝ ሐኪም የተሰበረው አጥንት የደም ሥሩን ተጭኖት እንደነበረ፣ ሌላ አንድ ሰዓት ቢዘገይ እግሬ አደጋ ላይ ይወድቅ እንደነበረ ነግሮኛል። ይህ የሐኪሙ ቃል ነው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ራሱ ይጠየቅ። የሕክምና ማስረጃውም ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ልጁን «የታካሚዋ ምን ነህ?» ብላ ጠየቀችው። «ገጪያቸው ነኝ» አላት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ እንደዚያ ብሎ የሚመልስ ሰው የሚገጥማት አልመሰለኝም። የመኪናውን ኢንሹራንስ ስትጠይቀው «እንደሌለው አሁን መንገድ ላይ ነገሩኝ» አለ። እኔ ያኔ ለራሴ ሳይሆን ለእሱ ደነገጥኩ። ማንም ሳያስገድደው በራሱ ላይ ቃል እየሰጠ ነበር። ሠራተኛዋ ግን ኢንሹራንስ የሌለው መኪና የገጨው ሰው ከድንገተኛ ሕክምና እንደማይመለስ፣ ለዚህ የተቋቋመ ፈንድ እንዳለ ነግራን አስገባችኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናውን አላንቀሳቀሰውም። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ እኔ ባለሁበት ለትራፊክ ፖሊስ ራሱ ደውሎ ያለበትን ተናገረ። ትራፊኩ ሲመጣ ቁልፉን፣ መንጃ ፈቃዱንና ያነሳቸውን ፎቶዎች አስረከበ። ናዝሬት የምትባለው ልጄ ሆስፒታሉ ደርሳ በቁጣ ስትጮህበትም ከቦታው አልሄደም። ትራፊኩ ይዞት እስኪሄድ በሩ ጋ ቆሞ ነበር።

ስቲከሩን ለምን አስቀድሞ አላጣራም ተብሎ የሚጠየቅ እንደሆነ፣ ይህንኑ ወረፋ ስንጠብቅ እኔው ጠይቄዋለሁ። ሥራ የጀመረው ጥቅምት 4 ቀን እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መስታወቱ ላይ ያለው ስቲከር ጊዜው ማለፉን አይቶ አቶ ፈቃደን እንደጠየቀ፣ «ታድሷል፣ አዲሱ ካዝና ውስጥ ነው» እንዳለው፣ ከዚያም ዳግመኛ ጠይቆ ያንኑ መልስ እንዳገኘ ነግሮኛል። ይህ የነገረኝ ነው። በስልክ የተናገረው ግን በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፉ። መርማሪው ቃሉን ሲጽፍ «አሽከርካሪው ኢንሹራንስ እንደሌለው አላወቀም» ብለው ይጻፉልኝ ብዬው ነበር። እሱም ሌላው ሰው ማወቅ አለማወቁን በእኔ ቃል ሊጽፍ እንደማይችል፣ የሚጽፈው የሰማሁትን ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። ትክክል ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሌላውን ሳርምበት የኖርኩት ስሕተት ነበር። እንግዲያውስ የሰማሁት ይበቃል አልኩት።

ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቶ ፈቃደ ከባለቤቱ ከወ/ሮ ትዕግሥት ጋር ቤቴ መጣ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነው። የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ድርጅት አለው። ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ነው የመጡት። እግዜር ይማርዎ ብለው ተቀመጡ። እኔ እግሬን በጀሶ አስሬ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ናዝሬትም ከሥራ ገብታ አብራን ነበረች።

አቶ ፈቃደ ትንሽ ካወራ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ራሱ በአፉ ነገረኝ። ሁመድ መኪናውን ሳያስፈቅድ ለግል ጉዳዩ ወስዶት እንደነበረ፣ ኢንሹራንሱ እንዳበቃ ቀድሞ ተነግሮት እንደነበረ ተናግሬያለሁ አለኝ። ቀጥሎ «እትዬ ወይንሀረግ፣ እርስዎም መንገድ ላይ ይህንኑ እንደነገረዎት ቢመሰክሩልኝ በግል ክሊኒክ እስኪድኑ አሳክምዎታለሁ። ፊዚዮቴራፒውን፣ መመላለሻ መኪናውን፣ ሁሉንም እኔ እችላለሁ። እርስዎ ምንም አያጡም» አለ።

«ልጁስ?» አልኩት።

«እሱ ወጣት ነው፤ ቤተሰብ የለውም። ቢቀጣም ይወጣዋል። እኔ ግን ስድስት ሠራተኛ አለኝ። ድርጅቱ ከተዘጋ ስድስት ቤት ነው የሚዘጋው። ሦስት ወር ብቻ ነው ያዘገየሁት፣ እናደሳለን እያልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ደርሶ አያውቅም።»

ውሸታም ብዬ አላባረርኩትም። እንደተጨነቀ ይታያል። እኔ ግን የማውቀውን ነገርኩት። «ስማኝ ልጄ። ሕጉ የሚጠይቀው የነዳውን ብቻ አይደለም፤ ነድተህ ሂድ ብሎ ቁልፍ የሰጠውንም ነው። ኢንሹራንሱን አለማደስህ አንድ ጥፋት ነው። ለእሱ ትጠየቃለህ፣ ትቀጣለህ፣ ታልፈዋለህ። በልጁ ላይ ብታላክከው ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ እኔንም በሐሰት ምስክርነት ታስገባኛለህ። ደግሞ አንተ በስልክ ስትናገር እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። የአቶ በከርን በር አደረስከው ስትል ሰምቼሃለሁ። ታክሲ አስይዛቸው ስትልም ሰምቼሃለሁ።»

ይህን ስል አቶ ፈቃደ ባለቤቱን ዞሮ አያት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው ያወቀው ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግምቴ ነው። ተነሣ። «ያስቡበት» ብሎኝ ወጣ። ወ/ሮ ትዕግሥት ግን ወዲያው አልተከተለችውም። ከእግሬ ሥር የነበረው ትራስ ተንሸራትቶ ስለነበር ጎንበስ ብላ አስተካከለችልኝ። ፊቷን ግን ቀና አላደረገችም። «ይማርዎ እማማ» ብላኝ ወጣች።

ከሄዱ በኋላ ከልጄ ጋር ተነጋገርን። ናዝሬት ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ መዝገብ ቤት የምትሠራ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ እኔን የምታነሳውም የምታስተኛውም እሷ ብቻ ናት። «እማዬ፣ ሁለቱም አያገባንም። አንዱ ገጨሽ፣ አንዱ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና አሠማራ። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ ካላገኘሽ ታነክሻለሽ አላለሽም? ቢያንስ መዳን ይገባሻል» አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ ለእኔ ብላ ነው። «ገጪያቸው ነኝ ያለውን ልጅ ሳያስፈቅድ መኪና ወሰደ ብዬ ልመስክር? ከዚያ በኋላ ደህና ብራመድ ወዴት ነው የምሄድበት?» አልኳት። «እሺ፣ ክራንቹን ነገ እገዛልሻለሁ» አለችኝ። እሑድም ገዛችልኝ፤ ዛሬ የገባሁት በዚያ ነው።

ይህ ውሳኔ ቀላል ነበር ብዬ አልናገርም። ቅዳሜና እሑድ እግሬ በጣም አሞኛል። የክሊኒኩ ነገር በሐሳቤ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ግን ቃሌን አልለወጥኩም።

እሑድ ኅዳር 21 ቀን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ወ/ሮ ትዕግሥት ደወለችልኝ። ስልኬን ያገኘችው ቅዳሜ አልጋዬ አጠገብ ካየችው የሕክምና ወረቀት ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። የድርጅቱን ወረቀትና ደብዳቤ የምትይዘው እሷ እንደሆነች፣ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ሐምሌ ላይ የመጣ የማደሻ ማስታወቂያ እሷ ጋ እንዳለ፣ ከአደጋው ማግስት ባሏ ቅደጂው ሲላት ቀደድኩት ብላ እንዳልቀደደችው ነገረችኝ። «ምን ላድርግ እማማ?» አለችኝ።

እኔም ይህን አድርጊ አላልኳትም። የባልሽ ጉዳይ ነው፣ የትዳርሽ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው አልኳት። «እኔ ነገ ጠዋት ሄጄ የሰማሁትን እናገራለሁ። አንቺ ብትመጪም ባትመጪም እናገራለሁ። በእኔ ምክንያት መጣሽ እንዳትባዪ ብዬ ነው የምነግርሽ» አልኳት። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ላስቀምጠው ስል «ልጁ ሥራ ሲጀምር የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስለ ስቲከሩ ሲጠይቅም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። ከዚያ ዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ወ/ሮ ትዕግሥት ነበረች፤ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ነው የመጣችው። ባሏ የት እንዳለ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ከቤቴ እስከዚህ ድረስ ክንዴን ይዛ አምጥታኛለች። ቢጫ ፖስታ ይዛለች፤ ውስጡ ያለውን ወረቀት ግን አላሳየችኝም፣ እኔም አላየሁትም። ስላላየሁት ይዘቱን አልመሰክርም። አሁን ውጭ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መርማሪው የራሷን ቃል እንዲቀበላት አመለክታለሁ።

በአሽከርካሪው በሁመድ ዳውድ ላይ የግል አቤቱታ እንዳለኝ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ለግጭቱ ያለበት ኃላፊነት በሕግ የሚታይ ነው፤ እኔም ከዜብራ ውጭ መሻገሬ አብሮ ይታይ። ያለ ኢንሹራንስ መንዳቱን በሚመለከት ግን ፍርድ ቤት ሁለቱን ሰዓት ለይቶ እንዲያየው ነው የምፈልገው። ከ9፡31 በፊት ጠይቆ ታድሷል የተባለ ሰው ነው። ከ9፡31 በኋላ የሰው እግር ለማትረፍ የነዳ ሰው ነው። በአቶ ፈቃደ ላይም ቂም የለኝም። ነገር ግን መኪናው ኢንሹራንስ እንደሌለው እያወቀ መንገድ ላይ ያወጣው እሱ ስለሆነ ለዚያ እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ። ካሳ የምጠይቅ ከሆነ በሕጉ በኩል እጠይቃለሁ፤ ከማንም ጋር ከዚህ ውጭ የተዋዋልኩት ነገር የለም።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ፣ ፍርድ ቤት ስጠራ በክራንችም ቢሆን እንደምቀርብ እንዲጻፍልኝ ብቻ ጠይቄያለሁ።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ በራሴ አንደበት የተናገርኩት ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ መነጽሬን አድርጌም ራሴ አንብቤዋለሁ። አንድ የፊደል ግድፈት አግኝቼ በፊርማዬ አርሜያለሁ። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ወይንሀረግ ሽብሩ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋ/ሳጅን ኩማ ኢተፋ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡05

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ወ/ሮ ትዕግሥት ኃይለማርያም በራሷ ፈቃድ ቀርባ ከ5፡15 ጀምሮ ቃሏን ሰጥታለች። አንድ ገጽ የኢንሹራንስ ማደሻ ማስታወቂያ አስረክባለች። ማስታወቂያው ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን በጠርዙ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይቆይ» ተብሎ ተፈርሞበታል። ጽሑፉና ፊርማው የባሏ መሆናቸውን ለይታለች። አቶ ፈቃደ ወልደየስ ለተጨማሪ ቃል እንዲቀርብ፣ በር ተቀባዩ አቶ በከርም በምስክርነት እንዲጠራ መጥሪያ ወጥቷል። ወ/ሮ ወይንሀረግ ቃላቸውን ጨርሰው መሄድ እንደሚችሉ ቢነገራቸውም፣ ወ/ሮ ትዕግሥት እስክትወጣ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጠብቀዋታል። 6፡20 ላይ ተደጋግፈው ወጥተዋል።